የአባቴ ሜትርና የጋሽ ደምሴ ካፖርት

ሰሞኑን ለልጅ ልጄ ቀሚስ ገበር ልገዛ ኮልፌ ሄጄ ነበር። የምኖረው ቤቴል ስለሆነ ልጆቼ «እዚሁ ሱቁ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ምን ያንከራትትሻል?» ይሉኛል። እኔ ግን ጨርቅ ከኮልፌ ካልገዛሁ የገዛሁ አይመስለኝም። አንድ ሱቅ ገብቼ ገበሩን ሳገላብጥ፣ ባለሱቁ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ፣ ለሌላ ደንበኛ አዲስ የካኪ ጣቃ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሽታው መጣ። ውሃ ያልነካውን ካኪ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ጋዝ ጋዝ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ ይላል። እጄን ጨርቁ ላይ እንደጫንኩ ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ ካኪም ይፈልጋሉ እንዴ?» አለኝ ልጁ። ልቤ ግን አባቴ ሱቅ ውስጥ ነበር።

በዚያ ላይ ከመደርደሪያው በላይ ያለው ሬዲዮ ይጮሃል። ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፤ አንዱ አገር ለጦሩ የምታወጣው ገንዘብ ይቀነስ ይላል፣ ሌላው አገር በባዶ እጅ አትጠበቅም ይላል። ባለሱቁ «እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሳይደባደቡ አይቀሩም» ብሎ ሳቀ። «ይሄ ደግሞ ክርክር ነው?» አልኩት። «ክርክርስ እኛ ሱቅ ነበር። ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አሁን ፎቁ የቆመበት ጋ።» ደንበኛው ከፍሎ ወጣ። ልጁ በርጩማ ሳብ አደረገና «እስቲ ቁጭ ይበሉና ያጫውቱኝ» አለኝ። እንደኔ ያለች አሮጊት በርጩማ ከተሰጣት ማን ያስቆማታል?

ጊዜው ጃንሆይ ያረጁበት ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። በአሥር ሳንቲም የተገዛ ቦምቦሊኖ ለሁለት ልጅ ይበቃ ነበር፤ ስኳሩን ከወረቀቱ ላይ የምትልሰው ግን የገዛችው ናት፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። በስሙኒ ጋሪ ተሳፍሮ ከመሳለሚያ ኮልፌ ይመጣል፤ ፈረሱ ዳገቱ ላይ ከለገመ ወርዶ መግፋት የተሳፋሪው ፋንታ ነው። ጎረምሶቹ ታቹ የሰፋ ሱሪ የጀመሩበት ሰሞን ስለነበር አባቴ «የዚህ ልጅ ሱሪ ታቹ ብቻ ለታናሽ ወንድሙ ሱሪ ይወጣዋል» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን አሳምሮ ይሰፋላቸዋል። ከማዶው ጠጅ ቤት ቀኑን ሙሉ ሸክላ ይዘፍናል፤ አንዱ ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኟ አንዲት ቃል ላይ ስትደርስ ትደጋግማታለች፣ እኛም ዘፈኑን ከነመደጋገሙ ነበር የያዝነው። ዛሬም ሳንጎራጉረው እዚያች ቃል ላይ እደናቀፋለሁ።

የአባቴ ሱቅ ከአስፋልቱ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚወስደው ኮረኮንች የሚጀምርበት ጥግ ላይ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ጥቁር የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ደጃፉ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ። አባቴን ሰው ሁሉ «ሙዘይን ሰፊው» ነው የሚለው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ስፌት የለመደ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እኛ ቤት መጀመሪያ አዛን ይሰማል፣ ቀጥሎ የወታደሩ ጥሩምባ፣ ቀጥሎ እናቴ። በእናቴ ድምፅ ያልነቃ የለም።

ሰፈራችን የሚኖረው በወታደሩ ነበር። አጣቢዋ የወታደር ሸሚዝ ታጥባለች፣ ፀጉር አስተካካዩ የወታደር ፀጉር ይቆርጣል፣ ደመወዝ የወጣ ሰሞን ጠጅ ቤቱ ውስጥ ከወታደር በቀር መቀመጫ የሚያገኝ የለም። አባቴም እንደዚያው። ለምልምሎቹ ከመጋዘን የሚታደላቸው ዩኒፎርም ወይ ይሰፋቸዋል ወይ ይጠባቸዋል። ገና ከገጠር የመጡት ልጆች ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ሱቃችን ይገባሉ፤ ሲወጡ ሰው መስለው ይወጣሉ። ታዲያ በዚህ ሁሉ ካኪ የሚኖር ሰው ጦሩ ይብዛ፣ ይጨመር ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። አባቴ ግን ተቃራኒውን ነበር የሚለው። እኔ አባቴን የማደንቀው በብዙ ነገር ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ነው፤ ሲያስብ የራሱን ጓዳ አያይም።

የክርክሩ ሌላው ወገን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ኮሪያ የዘመቱ፣ በአሥር አለቃነት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፉት እኛ አግዳሚ ላይ ነው። ከግራ እግራቸው ጣቶች ሁለቱን ብርዱ እዚያው አስቀርቶባቸዋል፤ ሲሄዱ ትንሽ ያነክሳሉ፣ ሲቆሙ ግን ከዘበኛ ቤት እንጨት ይልቅ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከኮሪያ ይዘውት የመጡት ወፍራም ካፖርት ነበራቸው፤ የነሐስ ቁልፎቹን በየሳምንቱ በአመድና በሎሚ ይወለውሏቸዋል። በበዓል ቀን ካልሆነ አይለብሱትም፤ ስሞት በሱ ቅበሩኝ ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናግረዋል።

«በርህን ሳትዘጋ የምትተኛበት ሌሊት አለ?» ይሉታል አባቴን።

«የለም።»

«እንግዲያው ስለ አገር ለምን ሌላ ታወራለህ? ጦር ማለት በር ነው።»

«በር አይኑር አላልኩም» ይላል አባቴ መኪናውን ሳያቆም። «ጓዳው ባዶ ሆኖ በበር ላይ በር መደረብ ምን ይባላል ነው የምለው።»

«አንተ ብርዱን አታውቀውም! እዚያ ተራራ ላይ ብርድ የወሰዳቸው ጓደኞች አሉኝ። እኔን ያተረፈኝ ያ ካፖርት ነው። አንዱ ቢሮ ተቀምጦ ወጪ በዛ፣ ካፖርቱ ይቀነስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ካንተ ጋር የሚጨቃጨቅ ደምሴ አይኖርም ነበር።»

አባቴ መልስ ሲያጣ ሻይ ያዝዛል። ሁለቱ ሻዩን ይጠጡና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፣ ይስቃል፣ አንዳንዱም ወገን ይይዛል። ዛሬ ሰው በሐሳብ ከተለያየ ሰላምታ ይተዋል። እነሱ ግን አንዱ ሲታመም ሌላው ሾርባ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰዎች ነበሩ።

አባቴ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው፤ የዚያን ጊዜ የኮልፌ ሰው ያስታውሰዋል። ቁም ነገሩን የሚናገረው ሰው ሲለካ ነው። ልኩ የሚወሰድለት ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይቆማል። ከተነቃነቀ ልኩ ይበላሻል። ሜትሩ ደረቱ ዙሪያ ሳለ ተቆጥቶ መሄድ አይችልም፣ መልስ ልስጥ ቢል አባቴ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይለዋል። ጎረቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ሲገጥመው ብቅ ይልና «ሙዘይን፣ እገሌ ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ አደራህን» ብሎ ይሄዳል። ሚስቱን የሚመታው ነጋዴ የተመከረው ልኩ ሲወሰድ ነው። የጎርፉን መውረጃ በአጥር የዘጋው ባለ መኪና ሰውዬም የተለመነው ልኩ ሲወሰድ ነው፤ ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ አጥሩን አንስቶ ነበር። ሲለካ የሰማውን ቃል በቂም የሚይዝ ሰው እኛ ሰፈር አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዱ ገና ሜትሩን ሲያይ «በል እንግዲህ፣ ዛሬ ምን አጥፍቻለሁ?» ይል ነበር።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሚያበቃው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ከመሳለሚያ ወዲያ ድረስ በጠዋቱ ጨለማ በእግሩ ይሄዳል። ወንዶቹ ተሰብስበው ይሄዱ ነበር፤ ሴቶቹ እቤት ይቀራሉ። እኔ በዚያ ሰኔ አራተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ አባቴም ጋሽ ደምሴም አብረዋቸው፣ ሁለት ክፍል ይጨመርልን ብለው ዓመቱን ሙሉ ደጅ ሲጠኑ ከርመው ያገኙት መልስ «በጀት የለም» የሚል ሆነ። እናቴ ቆርጣለች። «ልጄን በጨለማ መሳለሚያ አልሰድም» አለች። «የምትደርበው የላት፣ ወንዙ ዳር ጅብ ያድራል። ማንበብ ችላለች፣ ይበቃታል።» እኔ አልበቃኝም ነበር። መጽሐፎቼን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ ማታ ማታ እጄን ልኬ እነካቸው ነበር። አባቴ ያያል፣ ግን ምን ያድርግ፤ እሱም ጅቡን ሰምቶታል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንድ ሻለቃ ሱቃችን ገባ። ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ወደ ጦር ሰፈሩ ከተዛወረ ብዙም አልቆየም። ከአዲስ ዓመት በኋላ ትልቅ ሰልፍ አለና ለሰልፈኞቹ በሙሉ አዲስ የክብር ልብስ ይሰፋል፣ ሥራው ላንተ ይሰጣል አለው አባቴን። እናቴ ሱቁን ከቤታችን ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ሆና ሰማች። ያ ሥራ ለእኛ ቤት የዓመት ቀለብ ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ይታደስበታል። ሻለቃው «መጀመሪያ የኔን» ብሎ የዝናብ ልብሱን አወለቀና እጁን ዘርግቶ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ሻለቃው ገና እንደገባ ከአግዳሚው ተነስተው ተጠንቀቅ ቆመዋል። እኔ ጥጉ ላይ ቁልፍ እለቅማለሁ።

«ሰልፉ ስንት ቀን ነው ጌታዬ?» አለ አባቴ፣ ሜትሩን በትከሻው ላይ እያሳለፈ።

«ምን ስንት ቀን አለው? አንድ ጠዋት ነው።»

«ከዚያ ወዲያስ ልብሱ?»

«መጋዘን ይገባል።»

ጋሽ ደምሴ የሚመጣው ነገር ገባቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ ሰምቷል፣ ግን ዞር አላለም። ሜትሩን በሻለቃው ደረት ዙሪያ አዞረ።

«ትንፋሽዎን ይያዙ ጌታዬ» አለ። «እኔ ጦር አይኑር የምል ሰው አይደለሁም። ልጆቼን የሚያበላልኝ ወታደር ነው። ግን ለአንድ ጠዋት ይህ ሁሉ ጨርቅ ሲገኝ፣ ለልጆቻችን ሁለት ክፍል በጀት የለም ተባልን። ይህቺ ልጄ ናት፤ አንደኛ ወጥታ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ መሄጃ የላትም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ቃልዎ እላይ ድረስ ይሰማል። ለጦሩ ከሚወጣው ጥቂት ተቀንሶ ለልጆቹ ይሁን ይበሉልን። አሁን ይተንፍሱ።»

ሻለቃው ተነፈሰ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው አይደለም፤ ሲለካ የሚነገር ቃል ቂም እንደማይያዝበት ማን ነግሮት? አባቴ ይህን አላሰበውም። ኮልፌ ውስጥ ሜትር የያዘ ሰው እንደዚህ ስለሚናገር፣ ዓለሙ ሁሉ እንደዚያ መስሎት ነበር።

«ልኬን ጨረስክ?» አለው ሻለቃው።

«ጨርሻለሁ ጌታዬ።»

የዝናብ ልብሱን ደርቦ ወጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። በማግስቱ አንድ ወታደር መጥቶ ሻለቃው ለናሙና ትቶት የሄደውን ጨርቅ ወሰደ፤ ሥራው ከተማ ላለ ሌላ ሰፊ ተሰጠ ተባለ። ከዚያ ምልምሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ተከልክለው ይሁን ፈርተው አላወቅንም።

ከሥራው ይልቅ አባቴን የጎዳው ግን የጋሽ ደምሴ መቆጣት ነበር። ሻለቃው እንደወጣ «ምን አደረግክ?» አሉት። «እኔ በቆምኩበት ቤት የጦሩን ልብስ ቀንሱ ትላለህ? ወታደር ፊት?»

«አንተ ስለ ካፖርትህ እውነትህን ነው ደምሴ» አላቸው አባቴ። «እኔም ስለ ልጄ እውነቴን ነው።»

ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። አግዳሚው ባዶውን ቀረ። አባቴ ሻይ ሲያዝ በልማዱ ሁለት ያዝዛል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ቀዝቅዞ ይመለሳል። መኪናው ዝም ባለበት ቤት ውስጥ የሰው ድምፅም ይቀንሳል። እናቴ ግን አንድም ቀን «አፍህን ይዘህ ቢሆን» አላለችውም። ለዚህ ነው እናቴንም የማደንቃት፤ የማትለፈልፍበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነበር።

መስከረም ጠባ። ሰልፉ በሬዲዮ ተላለፈ። አባቴ ያጠፋዋል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማውና «ያማረ ሰልፍ ነው» አለ። የክፍሌ ወንዶች ከመሳለሚያ ወዲያ ሄደው ተመዘገቡ። የምዝገባው መዝጊያ ሲቃረብ እኔ ሱቁ ደጃፍ ሆኜ ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ አንዱ «አንደኛዋ ቀረች!» ብሎኝ አለፈ። አላለቀስኩም። ገብቼ ቁልፍ መልቀም ጀመርኩ፣ ከተለቀመው ጋር መልሼ ደባለቅኩት እንጂ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ መጡ። ካፖርቱን አጥፈው በብብታቸው ይዘውታል። ሰላም አላሉም። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረጉትና «ፍታው» አሉት።

«ምኑን?»

«ይህን። ፍታና በልጅቷ ልክ ስፋው።»

«ደምሴ፣ ይህ እኮ...»

«ምን እንደሆነ አንተ አትነግረኝም። ቁረጥ ብዬሃለሁ ቁረጥ። ቁልፉን ግን እንዳትነካ፣ እንዳለ ይሁን።» ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ጦሩ ይቀነስ ማለቴ አይደለም። እንዳይመስልህ!»

አባቴ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጠራኝ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሰው ሲለካ የሚናገረው አባቴ፣ እኔን ሲለካኝ ምንም አላለም። ትንፋሽሽን ያዢ እንኳ አላለኝም፤ ትንፋሼን ካፖርቱን ያየሁ ጊዜ ይዤዋለሁ።

እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ደምሴ» አለች። «ለብርዱ መላ ተገኘ እንበል። መንገዱስ? ጅቡስ? ከጠጅ ቤት ውሎ የሚያድረውስ? ልጄ ሴት ናት እኮ።»

ጋሽ ደምሴ ተረከዛቸውን ገጠሙ። «እትዬ ረውዳ፣ ለዚህ መንገድ አንድ ወታደር ይበቃል። ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ።»

አባቴ እስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። «ምን አልክ?»

«አንድ ወታደር ይበቃል አልኩ። አትሰማም?»

«እሰማለሁ» አለ አባቴ። «ስንት ዘመን ጠብቄ ነው የሰማሁት። ‹ይበቃል› የሚለውን ቃል ከአፍህ አወጣህ አይደል?»

ከዚያ ጋሽ ደምሴ «ወግድ!» ብለው ዱላቸውን አነሱና ሊቆጡ ሲሉ ሳቃቸው ቀደማቸው። አባቴም ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግማሽ ካፖርት ለብሼ መሃላቸው ቆሜያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አላውቅም።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ጋሽ ደምሴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ጨለማውን ሰንጥቀን እንሄድ ነበር። «ግራ! ግራ! እግርሽን አንሺ!» ይሉኛል፣ ራሳቸው እያነከሱ። የጥቅምት ብርድ ሲመጣ ያ ካፖርት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ስለ ብርዱ እውነታቸውን ነበር። የክፍሌ ልጆች «ወታደሯ መጣች» ይሉኛል፤ የነሐስ ቁልፎቼን ግን ሁሉም በተራ ይነካካሉ። ማታ አባቴ ሱቅ ሲደርሱ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ምልምሎቹም እያደር ሱሪያቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ምን ያድርጉ፣ የመጋዘኑ ልብስ ያው እንደ ጥንቱ ነው። ጋሽ ደምሴ ሲሞቱ የተቀበሩት በነጭ አቡጀዴ ነው፤ አስክሬናቸውን የሸፈነውን ጨርቅ የሰፋው አባቴ ነበር፣ ሲሰፋም ለብቻው ሲያወራቸው ሰምቻለሁ። ሁለቱ ክፍሎች ከብዙ ጊዜ በኋላ ተሠሩ። እኔም አስተማሪ ሆኜ እዚያው አምስተኛ ክፍልን አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ።

ሬዲዮው ወደ ዘፈን ዞሯል። ባለሱቁ ክርኑን ካኪው ላይ አስደግፎ ሲሰማኝ ቆይቶ «ታዲያ እማማ፣ በመጨረሻ ከሁለቱ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ገበሩን አጥፌ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩና ተነሳሁ።

«እኔ ነኛ!» አልኩት።